ስኮርታ ጎማው ላይ የተደበቁት ሳህኖች

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ይህን የምጽፍልዎት ከሌሊት ሥራ ገብቼ፣ ቤተሰቡ ገና ሳይነሳ ነው። ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ልጃችን ጋር የምንኖረው ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ነው። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። እሱ መጋዘን ነው የሚሠራው፣ ቅዳሜ ደግሞ ኡበር ይነዳል። ለቤት ቅድመ ክፍያ እያጠራቀምን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከሥራ ስመለስ አንድ ቤት ደጅ ላይ «ኢስቴት ሴል» የሚል ሰሌዳ አየሁ። ሰው ሲሞት ልጆቹ የቤቱን ዕቃ የሚሸጡበት ነው። እንዲሁ ገባሁ። ኩሽናው መስኮት ላይ ማር የመሰሉ የብርጭቆ ሳህኖች ተደርድረዋል። ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች። እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። እማዬም ቡፌዋ ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ቢጫ ሳህኖች ነበሯት። እኔ ስመጣ ለቲኬት ተሸጡ። ስድስቱን በ24 ዶላር ገዛኋቸው።

ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። «ዲፕሬሽን ግላስ» እንደሚባሉ ተማርኩ፤ አሜሪካ በ1930ዎቹ በኢኮኖሚ ውድቀት («ዲፕሬሽን») በተመታችበት ዘመን የተሠሩ ርካሽ የብርጭቆ ዕቃዎች ናቸው። በላያቸው ያለው ጌጥ የየራሱ ስም አለው፤ ማድሪዱን ከሻሮን፣ ሻሮንን ከፓትሪሽያን በጣቴ ዳብሼ እለያለሁ። ሮዝም አረንጓዴም ጨመርኩ። አሁን ወደ 110 ገደማ ደርሰዋል። በሁለት ዓመት 1,900 ዶላር አውጥቻለሁ። ባለቤቴ የሚያውቀው ኩሽና ያሉትን ሃያ ያህል ብቻ ነው። የቀሩት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ልጄ አልጋ ሥርና መኪናው ትራንክ ውስጥ ናቸው። እሱ መጀመሪያ ላይ እየሳቀ «አሜሪካ ድረስ የመጣነው የሞተ ሰው ሳህን ልንለቅም ነው?» ይለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎማ ፈነዳብን። ስኮርታውን ሊያወጣ ትራንኩን ከፈተ። ብርድ ልብሱን ሲገልጠው በጋዜጣ የተጠቀለሉ አሥራ አራት ሳህኖች። አንድ በአንድ አውጥቶ ሳሩ ላይ ደረደራቸው። አልጮኸም። «ስንት ነው?» ብቻ አለኝ። «አርባ ዶላር» አልኩት። 310 ነበር። ማታ ልጄን ሳስተኛት «እማ፣ አልጋዬ ሥር ያለውን ግን አልነገርኩትም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሳህን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሰላም ይለኛል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ዝምታው ነው የገደለኝ።

ደግሞም ሞኝነቴን ልንገርዎት። በኢንተርኔት ሁለት የማድሪድ ሳህን በ60 ዶላር ገዝቼ፣ ቤት ሳያቸው ጌጡ መሃል «76» የሚል ቁጥር አገኘሁባቸው። ኩሽና ካሉትም አራቱ ጉም ለበሱ። ባለቤቴ ሊያግዘኝ ብሎ ዲሽዋሸር ውስጥ ሲከታቸው ከርሟል። ያን ቀን አለቀስኩ። ለሳህን ማልቀሴ ራሴንም አስደነገጠኝ።

ሁሉንም ሸጬ ልገላገል? ወይስ ይሄ ነገር በሽታ ነው? እሱንስ ምን ብዬ ላናግረው?

ማር ቀለም ነኝ፣ ከኮሎምበስ


መልስ

እህቴ ማር ቀለም፣

«እኔ ስመጣ ለቲኬት ተሸጡ።» ይህችን አራት ቃል ጻፍሽና ወዲያው ወደ ዋጋው ሄድሽ። እኔ ግን ከዚያ ማለፍ አቃተኝ።

ቡፌ በእኛ ቤት ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ቁልፉ እናት ዘንድ ነው። ሳሎን ውስጥ ከምንም በፊት የሚወለወለው እሱ ነው። ውስጡ ያለው የሚወጣው ለገና፣ ለፋሲካና ለትልቅ እንግዳ ነው። እኛ ልጆቹ በመስታወቱ በኩል አይተን እንጂ በእጃችን ይዘን አናውቀውም። እኔ አንድ ቀን ተደብቄ በእናቴ የእንግዳ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቻለሁ። የዚያ ውሃ ጣዕም እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። እንግዲህ ያ ቡፌ ባዶውን ሲቀር አስቢው። ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ታየዋለች። አትጠይቅም፣ ግን ታየዋለች። እናትሽ ያንን ችለው ነው አንቺን የሸኙሽ።

ስንት ነበሩ ሳህኖቹ? ሲሸጡ አይተሻል ወይስ እዚህ ከደረስሽ በኋላ ነው የሰማሽው? ስለሱ ከእናትሽ ጋር አውርታችሁ ታውቃላችሁ? ባለቤትሽስ ያውቃል? እንደምገምተው አያውቅም። ቢያውቅ ኖሮ ቀልዱ ሌላ ይሆን ነበር። ልሳሳት እችላለሁ። ግን በዚያ ጠዋት እግርሽን ያሰረው የቀለም ውበት ብቻ አይመስለኝም።

በሽታ ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከደብዳቤሽ የማየው ግን የእያንዳንዷን ሳህን ስም የምታውቅ፣ ምን ያህል እንዳወጣች እስከ ዶላሩ የቆጠረች ሴት ነው። ይህ ነገሩ ከእጇ የወጣባት ሰው አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የምትገዢው መቼ ነው? ከሌሊት ሥራ ገብተሽ፣ እንቅልፍ አልወስድ ሲልሽ፣ ስልክሽን ይዘሽ ነው? ዕቃው ሲመጣ ደስታው ስንት ሰዓት ይቆያል? እነዚህን ለራስሽ መልሺ። ከዚያ ለሁለት ወር ምንም አትግዢ። ማየት ትችያለሽ፣ መዳበስ ትችያለሽ፣ መግዛት የለም። ሁለቱ ወር ከከበደሽ፣ እጅሽ ሳታውቂው እየገዛ ካስቸገረሽ፣ ያኔ ባለሙያ አናግሪ። የሥራሽ ኢንሹራንስ ይሸፍነው እንደሆነ ጠይቂ። እኔ ግን የሁለቱ ወር መጀመሪያ ሳምንት ብቻ የሚከብድሽ ይመስለኛል።

ከሁሉም በፊት የልጅሽ ነገር። ባልሽን እስክታናግሪ እንኳ አትጠብቂ። ዛሬ ማታ ስታስተኛት አልጋዋ ላይ ተቀመጪና «ያ ነገር የኔ ጥፋት ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ለአባባ እኔ ራሴ ነው የምነግረው» በያት። የስድስት ዓመት ልጅ ምስጢር መጠበቅን እንደ ውለታ ነው የምታየው። አንቺን የረዳችሽ መስሏታል። ግን በየማታው የምትተኛው በዚያ ምስጢር ላይ ነው። ሳህኖቹንም ከአልጋው ሥር አውጪያቸው። ልጅ የሚዘልበት ቦታ የብርጭቆ ቦታ አይደለም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ስለዚያ የጎማ ቀን የጻፍሽውን ደግመሽ አንብቢው። የቤተ ክርስቲያን ልብሱን ለብሶ፣ መንገድ ዳር፣ መኪና እያለፈ፣ አሥራ አራት ሳህን አንድ በአንድ ሳሩ ላይ ደረደረ። አንድም አልተሰበረም። ተሰብሮ ቢሆን ትጽፊው ነበር። ተናድዶም እጁ ሳህንሽን አልጣለም። ዲሽዋሸሩም እንደዚያው ነው። አንቺ ሌሊት ሥራ ላይ ሆነሽ እሱ ዕቃ ሲያጥብ የተፈጠረ ነገር ነው። ይህ ሰው የሳህን ጠላት አይደለም። የገባው ነገር ግን አለ። አርባ ዶላር እንዳልሆነ ያውቃል ብዬ እገምታለሁ። አሥራ አራት ሳህን በአርባ ዶላር የሚያምን ሰው ዝም አይልም፣ ይስቃል። ዝም ያሰኘው ስንት ሌላ ነገር እንዳለ አለማወቁ ነው። የቤቱን ብር አብራችሁ ነው የምታጠራቅሙት። ቅዳሜውን መኪና ውስጥ የሚያሳልፈው ለዚያ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ንገሪው። መኪና ውስጥ አይሁን፣ ከሌሊት ሥራ እንደገባሽም አይሁን። ሁለታችሁም ባረፋችሁበት ቀን፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ። ቀድመሽ በወረቀት ጻፊው፤ ስንት እንዳለሽ፣ የት እንዳለ፣ በስንት እንደገዛሽው። ሁሉንም። አንዲት ሳህን እንኳ ብትደብቂ ሌላ ጊዜ እሷ ትወጣለች። ከዚያ «አርባ አይደለም፣ ሦስት መቶ አሥር ነው፣ በጠቅላላው 1,900 ነው፣ ዋሽቼሃለሁ» በይና ዝም በይ። የመጀመሪያውን ምላሹን አትመልሺለት። ቢቆጣ ይቆጣ። ምናልባት «እኔ ቅዳሜዬን መኪና ውስጥ የማሳልፈው ለሳህን ነበር?» ይልሽ ይሆናል፤ ያንን ለመስማት ተዘጋጂ። ሽማግሌ የሚያስጠራ ነገር አይደለም። ዘመድም ጓደኛም መሃል አታስገቢ።

አንድ ነገር አደራ። «ዋጋቸው ይጨምራል» እንዳትይው። ብዙ ሰብሳቢ በዚያ ነው ራሱን የሚያጽናናው። እውነቱን ልንገርሽ፣ የተለመዱት የዲፕሬሽን ግላስ ሳህኖች ዋጋ ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ወርዷል። ይሰበስቡ የነበሩት አርጅተዋል፣ ልጆቻቸው ቦታ የላቸውም። አንቺ የገባሽበት ኢስቴት ሴል ራሱ ምስክር ነው። ሳህኖቹን የምትወጂያቸው ስለምትወጂያቸው ነው። እሱን ንገሪው፣ ስለ እናትሽ ቡፌ ንገሪው። ከዋጋው ወሬ ይልቅ ይህ ይገባዋል።

«የሞተ ሰው ሳህን» ላለው ደግሞ ጥሩ መልስ አለሽ። እኔም ጥቂት ዓመት ኦሃዮ ስለኖርኩ ይህን ታሪክ ስናገር ደስ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ከዚያ ሥራ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ሰው ለሾርባ ተሰለፈ። የብርጭቆ ፋብሪካዎችም ገዢ አጡ። ያተረፋቸው ማሽን ነው። የቀለጠውን ብርጭቆ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየተጫነ በብዛት ያወጣላቸው ጀመር። እዚያው ኦሃዮ፣ ላንካስተር ከተማ የነበረው ሆኪንግ የተባለው ፋብሪካ ሁለት መጠጫ ብርጭቆ በአምስት ሳንቲም እስከ መሸጥ ደረሰ። ርካሽ ስለሆነ ጥራቱም እንደዋጋው ነበር። ከሳህኖችሽ አንዷን ወደ መስኮት አንሺና እያት። ውስጧ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ታገኛለሽ። ጠርዙ ላይ ቅርጽ ማውጫው የተጋጠመበት ቀጭን መስመር አለ። በጣትሽ ዳብሰሽ የምትለዪው ያ ሁሉ አበባና ሐረግ አንዱ ሥራው ይህን ጉድለት መሸፈን ነበር።

ብዙውን ደግሞ ሰው አልገዛውም። ኩዌከር ኦትስ በአጃው ካርቶን ውስጥ አንድ ሳህን ወይም ስኒ ይከት ነበር። እናት አጃ ስትገዛ ሳህን ይዛ ትገባለች። ሲኒማ ቤቶች ወንበሩ ባዶ በሚሆንበት የሥራ ቀን ማታ ትኬት ለቆረጠ ሰው አንድ ሳህን ይሰጡ ነበር። ዛሬ ሳህን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስኒ፣ ከዚያ የስኒው ማስቀመጫ። ሥራ ፈት ባል ያላት ሴት በዚያ ዓይነት ስድስት ሰው የሚያስተናግድ ገበታ ታሟላለች። የሚበላው ቢጎድል እንኳ የሚቀርብበት ቀለም ነበረው። እናቶቻችን ይህንን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

ያንቺ ማር ቀለሞች ደግሞ የራስሽ ከተማ ልጆች ናቸው። ፌዴራል ግላስ የሚባል ፋብሪካ ከ1900 እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ኮሎምበስ ውስጥ፣ በደቡብ በኩል ይሠራ ነበር። ማድሪድን ከ1932 እስከ 1939፣ ሻሮንን ከ1935 እስከ 1939 ያወጣው እሱ ነው። ፓትሪሽያንም የእሱ ነው። የማሩን ቀለም የሚሸጠው «ጎልደን ግሎው» ብሎ ነበር። ከምድጃው የወጣውን ሳህን ለይቶ፣ ቆጥሮ፣ በሣጥን አሽጎ የሚጭን ሠራተኛ ነበረው። ባለቤትሽ ዛሬ መጋዘን ውስጥ የሚሠራውን ዓይነት ሥራ፣ በዚያው ከተማ። ይህንን ሲሰማ ሳህኑን የሚያይበት ዓይን ይለወጥ እንደሆነ እንጃ። እኔ ብሆን ይለወጥብኝ ነበር።

«76» ያለበትም ሞኝነትሽ አይደለም። በ1976 አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበትን 200ኛ ዓመት ስታከብር ፌዴራል ራሱ ማድሪድን «ሪኮሌክሽን» በሚል ስም እንደገና አወጣው። ከአሮጌው እንዲለይ ብሎ ዓመቱን ጌጡ ውስጥ አስገባ። ስለዚህ የያዝሽው የዚያው ፋብሪካ ሥራ ነው፣ ዕድሜው ብቻ ያንሳል። ተጠንቀቂ የምልሽ ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። ቅርጽ ማውጫዎቹ ኢንዲያና ግላስ ወደሚባል ፋብሪካ ሲዛወሩ ቁጥሩ ተነሳና በሮዝ፣ በሰማያዊና ቀለም በሌለው ብርጭቆ ተሠራ። ሮዝ ማድሪድ ውድ ነው የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ቆም በይ። ለሁለቱ ሳህን 60 ዶላር የከፈልሽው «የ1930ዎቹ ነው» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ለሻጩ በትህትና ጻፊለትና ገንዘብሽን ጠይቂ። ብሩ ከተመለሰም ወደ ቤቱ ቁጠባ ይግባ፤ ባልሽም ይወቀው።

ጉም የለበሱትን አራቱን ገና አትጣያቸው። ጉም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የውሃ ደለል ነው። እሱ ይለቃል። ነጩን አቼቶ ለብ ካለ ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ለተወሰነ ሰዓት ዘፍዝፊያቸውና በለስላሳ ጨርቅ እሺያቸው። ሽቦ አታስነኪያቸው። ሁለተኛው ዓይነት ግን ዲሽዋሸሩ የብርጭቆውን ፊት ራሱን የበላው ነው። ውሃ ስትነኪው ይጠፋና ሲደርቅ ይመለሳል። ያ አይድንም። እንዲያ ከሆኑ የቁልፍና የሳንቲም ማስቀመጫ አድርጊያቸው፣ ወይም አንዱን ለባልሽ ስጪው። ያጠፋው ሊረዳሽ ሲል ነውና ሳህኑን ባየ ቁጥር የሚወቀስበት እንዳይሆን ብቻ። ከእንግዲህ ሁሉም በእጅ፣ ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ፣ የገንዳው ታች ላይ ፎጣ ይነጠፍ። ትኩስ ነገር አይችሉም። ከምድጃ የወረደ ወጥ ወይም የፈላ ቡና ድንገት ካረፈባቸው ይሰነጠቃሉ። ቢላም ይቧጭራቸዋል።

አረንጓዴዎችም አሉኝ ስላልሽ አንድ ነገር ልጨምር። ጥቁር መብራት የሚሉት ሐምራዊ ባትሪ ሲበራባቸው ቦግ ብለው የሚያበሩ ካሉ፣ በውስጣቸው ጥቂት ዩራኒየም አለ። በዚያ ዘመን ለቀለሙ ብለው ይጨምሩት ነበር። ቡፌ ውስጥ ቢቀመጡ የሚያስፈራ ነገር የለም። ምግብ ማሳደሪያ፣ በተለይ ሎሚ ወይም አቼቶ ያለበት ነገር ማስቀመጫ ግን አታድርጊያቸው።

ልሽጠው ወይ ላልሽው፣ አሁን አይሆንም ነው መልሴ። በንዴትና በሐፍረት የተሸጠ ነገር ይቆጫል። ሁሉንም ብትሸጪ ባልሽ የሚያየው ባዶ መደርደሪያ ነው፤ ውሸቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ደግሞም ነጋዴ መልሶ ለመሸጥ ስለሚገዛ ከግማሽ በታች ሊሰጥሽ ይችላል። ቁጥሩ ከተነገረ፣ ቁጣውም ከበረደ በኋላ ግን መቀነስ ያለብሽ ይመስለኛል። ይህንን በግልጽ ልበልሽ። 110 ሳህን አፓርታማ ውስጥ ብዙ ነው። ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ ያለ ሳህን ማንም አያየውም፣ አንቺም አታዪውም።

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። አንድ ቡፌ የሚችለውን ያህል ብቻ ይኑርሽ። ያገለገለ ቡፌ አሜሪካ ውስጥ ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ትሪፍት መደብር በርካሽ ይገኛል፤ እሱንም ከባልሽ ጋር ሆናችሁ መርጣችሁ፣ በተስማማችሁበት ዋጋ። ከዚያ ምርጫው ያንቺ ነው። በመጀመሪያ የተሸረፉትን ለዪ። ዓይን ያታልላል፣ ጠርዙን በጣትሽ ዙሪው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ እንዲሉ፣ የነቃ ሳህን ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። ቀጥሎ ሮዞቹንና አረንጓዴዎቹን እይ። ስለ እነሱ ስትጽፊ «ጨመርኩ» ብለሽ ነው ያለፍሽው። ስለ ማር ቀለሙ ስትጽፊ ግን ፀሐይዋ ሳይቀር ትዝ ብላሻለች። ምናልባት የሚቀሩት ማሮቹ ናቸው። የቀሩትን አንድ በአንድ፣ ሳትጣደፊ፣ ራስሽ ለሰብሳቢዎች ሽጪ። ከሚገኘው ላይ ሁለታችሁ የምትስማሙበትን ወደ ቁጠባው አስገቢ። መልሰሽ መግዛት ስትፈልጊ አንድ ሲገባ አንድ ይውጣ።

ሁለቱ ወር ሲያልቅ አንድ ቅዳሜ ኡበሩን አስቀርተሽው ሦስታችሁም ላንካስተር ሂዱ። ከእናንተ ዘንድ ወደ ሠላሳ ማይል ቢሆን ነው። የኦሃዮ ግላስ ሙዚየም እዚያ ነው ያለው። ልጅሽ በአልጋዋ ሥር የነበረውን ዓይነት ነገር መብራት በርቶለት፣ ሰው ሁሉ እያየው ስታገኘው ደስ ይላታል። ምንም አትግዢ ያን ቀን። መክሰስ ብቻ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ቀረ፣ እሱም ከሁሉ ቀላሉ ነው። በሚመጣው እሁድ ቡና አፍዪ። ረከቦቱ ጎን ፈንዲሻውን በማድሪዷ ጎድጓዳ ሳህን አቅርቢው። ፈንዲሻ አይቧጭርም፣ አያቃጥልም፣ ማር ቀለም ላይ ደግሞ ያምራል። ባልሽ ይቀመጥ፣ ልጅሽም ትቀመጥ። ከዚያ ለእናትሽ በቪዲዮ ደውዪና ሳህኗን ወደ ስልኩ ጠጋ አድርጊያት። ምንም አትበዪ። እሳቸው ምን እንደሚሉ ስሚ። ምናልባት «ይቺ ከየት መጣች?» ይሉ ይሆናል። ያኔ እስከ ዛሬ ያልጠየቅሽውን ጠይቂያቸው፤ ስንት ነበሩ፣ ማን ገዛቸው፣ በስንት።

የሰማሽውን ጻፊልኝ። ስለ ባለቤትሽም።